የፍሬን ጩኸት

ቅዳሜ ግቢ ውስጥ የመኪናዬን የፊት ዲስኮች ስቀይር ዋልኩ። ለሳምንታት ፍሬን ስይዝ ይጮህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሬዲዮ ከፍ አድርጌ አልፈዋለሁ። ጎማው ሲወልቅ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እንደ ማረሻ አርሶታል። ውፍረቱም ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ወርዷል። ልጆቼን ጭኜ የእንጦጦን ቁልቁለት የወረድኩት በዚሁ ፍሬን ነው!

የዲስክ ፍሬን ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በጩኸት ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ዲስኩን የሚጨብጠው መዳብ ነበር፤ ሲፋተጉ ጆሮ ይበሳል። በኋላ ኸርበርት ፍሩድ የአስቤስቶስ ሸራ አመጣና ጩኸቱ ረገበ። ዝምታው ግን ዋጋ ነበረው፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። የፍሬን አቧራ እፍ አይባልም የሚባለው ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ መኪኖች ለአሥርት ዓመታት በታምቡር ቆዩ። ታምቡር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ሲግል ይከዳል፤ ዲስክ ግን ነፋስ ያገኛል። በ1953 ጃጓር በደንሎፕ ዲስክ የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። በ1955 ሲትሮየን ዲ ኤስ የፊት ዲስክ ይዞ ወጣ። ለምን ፊት? ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ።

የሚገርመው፣ ዛሬ ብዙ ሸራ ላይ፣ ሲያልቅ ሆን ተብሎ እንድትጮህ የተደረገች ትንሽ ብረት አለች። ያኔ ሊያጠፉት የደከሙበትን ጩኸት ለእኛ ሲሉ መልሰው አስገቡት።

ተማሪዎቼ፣ መኪናችሁ ሲጮህ ሬዲዮውን ቀንሱ።