የስትሬፕቶማይሲን ድልና ትምህርቱ

ፔኒሲሊን የሳንባ ምችን ድል ቢነሣም በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ላይ ኃይል አልነበረውም። የነቀርሳ ሕመምተኛ ተስፋው በአልጋ ዕረፍት፣ በንጹሕ አየርና በምግብ ላይ ተወስኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በሴልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አልበርት ሻትዝ ከአፈር ተሐዋስያን ስትሬፕቶማይሲንን ባገኘ ጊዜ ግን አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ።

ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ከአሜሪካ ለመግዛት የቻለችው መድኃኒት ለሕሙማን ሁሉ የሚዳረስ አልነበረም። ስለዚህ የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እጥረቱን ለዕውቀት መገብያ አደረገው። በስታቲስቲክስ ሊቁ በኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ዕቅድ መሠረት፣ ሁለቱም ሳንባቸው በብርቱ የተጎዳ 107 ሕሙማን በዕጣ ተለዩ። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲንና የአልጋ ዕረፍት፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ስለ ነበር ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም ነበር።

ውጤቱ በ1948 ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት 14 ሰዎች ሞተዋል። ይሁን እንጂ ደስታው አልዘለቀም። በብዙዎቹ ሕሙማን አክታ ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ታዩ፤ አምስት ዓመት ሲሞላም ከመጀመሪያዎቹ 32፣ ከሁለተኞቹ 35 ሰዎች ሞተው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ ካሉት እልፍ አእላፍ ባክቴሪያዎች ጥቂቶቹ በተፈጥሮ ለውጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ናቸው። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ የሚሸነፉትን አጥፍቶ ቦታውን ለማይሸነፉት ይለቃል። ሁለት መድኃኒቶችን በአንድነት የሚቋቋም ባክቴሪያ ግን እጅግ ብርቅ ነው። በመሆኑም ዮርገን ሌማን በስዊድን ያስገኘው ፓራ አሚኖ ሳሊሲሊክ አሲድ ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ የመቋቋሙ አደጋ በእጅጉ መቀነሱ በ1950 ተረጋገጠ። በ1952 አይሶናያዚድ ሲጨመርበት የብዙዎች ፈውስ እውን ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በሕክምናም ሠራ።

ዛሬ የተለመደው የነቀርሳ ሕክምና በአራት መድኃኒቶች የሚጀምረው ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው። ከአራቱ አንዱ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ሲጠፋ የቀሩትን ብቻ ሰጥቶ ማሰናበት፣ ወይም ሳሉ የቀለለለት ሕመምተኛ ሕክምናውን ሲያቋርጥ ዝም ብሎ ማየት፣ ያን ጊዜ ባለማወቅ የደረሰውን ጉዳት ዛሬ እያወቁ መድገም ይሆናል።