አሰብ፣ አምባሰልና ጥቁር ናፍጣ

በአምባሰል ምድር ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚያ ነው። ስለ አንቀጽ 17 ስጠይቅ ተማሪዎቼ ሁሉ እጃቸውን ያወጣሉ። አሰብ ከውሉ 20 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ሩባቲኖ ለተባለ የጣልያን የመርከብ ኩባንያ መገዛቱን ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሐይቅ ከተማ ላደግሁት ለእኔ አሰብ የመጽሐፍ ስም አልነበረም። ከኮምቦልቻ ተነሥተው፣ ደሴን አቋርጠው ወደ ወልድያ የሚያልፉትን የነዳጅ ቦቴዎች መንገድ ዳር ቆመን የምንቆጥር ልጆች ነበርን፤ የጭነታቸውም መነሻ አሰብ ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ባሕር በር የማይናገር የለም። ስለ ወደቡ ስንከራከር ግን በዚያ የነበረውን የነዳጅ ማጣሪያ ዘንግተነዋል። ማጣሪያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን በጎበኙ ጊዜ በተገኘው የሶቪየት ብድር ተሠርቶ በ1967 ሥራ ጀመረ። ድፍድፍ ዘይት ሲጣራ ቤንዚኑ፣ ኬሮሲኑና ነጭ ናፍጣው ተለይተው ይወጣሉ፤ እንደ ጠላ አተላ ከታች የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይባላል። የአሰብ ማጣሪያ አሠራሩ ቀላል ስለነበር አተላው ብዙ ነበር፤ ከአገር ፍጆታ የተረፈውም ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ሙገርን የመሰሉ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃቸውን፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ቦይለሮቻቸውን በእርሱ ያነዱ ነበር።

ማጣሪያውን ጦርነቱ የዘጋው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ጦርነቱ የተጀመረው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ነው፤ ማጣሪያው ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ተዘግቷል። ያረጀውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ የተጣራ ነዳጅ መግዛት ይረክሳል ተባለ። ስሌቱ ስሕተት ነበር አልልም። ነገር ግን አንድ እውነት ልብ ይሏል፦ ወደቡ ለኢትዮጵያ ገና ክፍት ሳለ ማጣሪያው ተዘጋ። በር ብቻውን ኢንዱስትሪ አይሆንም። ትናንት ለውጭ ገበያ የምናቀርበውን አተላ በውጭ ምንዛሪ የምንሸምት ሆንን፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንም በኋላ ፊታቸውን ወደ ድንጋይ ከሰል አዞሩ።

ይህ ነዳጅ ያለ አደጋ አይገኝም። ካላሞቁት በቧንቧ አይፈስም፤ ሲነድ የሚለቀው የድኝ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የድኝ መጠን በዓለም አቀፍ ደንብ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ ተደርጓል። ውኃ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ደግሞ ከዳርቻው ይጣበቃል፤ ከፊሉም ሊሰጥም ይችላል። የእኛ ሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ የሚፈስ ወንዝ የማይወጣለት ውኃ ነው። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። በአጠገቡ በሚያልፈው መንገድ አንድ ቦቴ ቢገለበጥ ማን፣ በምን መሣሪያ ይደርሳል?

በባሕር በር ላይ የሚደረገው ክርክር ይቀጥል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ከበሩ ቀጥሎ ያለውን እጠይቃለሁ፦ በሩ ሲከፈት ምን እናስገባለን? ምኑን ራሳችን እናጣራለን? የሚቀረውንስ አተላ የት እናደርሰዋለን?