ሃይድሮፔሪየድ፦ ውሃ የሚተኛበት ጊዜ

ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ረግረግ ስንት ሄክታር ነው? መልሱ እንደ ወሩ ነው። በክረምት ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ በጋው ሲገፋ ውሃው ወደ መሃል እየሸሸ ዳር ዳሩን ለሣር ይለቃል። ስፋቱን ብቻ የሚያሳይ ካርታ እንግዲህ የአንድ ቀን ወሬ ነው። ከስፋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ውሃው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚተኛ ነው። የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ይህን ሃይድሮፔሪየድ ይሉታል።

በአማርኛ «ውሃ የሚተኛበት ጊዜ» ብንለው ገበሬው ሳይቀር ይገባዋል፤ ውሃ የሚተኛበትን ማሳ ድሮም ለይቶ ያውቃል። «የውሃ ቆይታ» ግን ያሳስታል፤ እሱ አንዲት ጠብታ ገብታ እስክትወጣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ሌላ ነገር ነው።

ጊዜውን ከሚሴ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይወስነውም። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ከፍታዎች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ይመጣና ጨፋን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ መሬት ውስጥ ከሰረገ በበጋ ምንጭ ሆኖ ቀስ እያለ ይደርሳል። ተራራው ከተራቆተ ግን ደራሽ ሆኖ ያልፋል፣ ደለሉንም ሜዳው ላይ ጥሎ። ዝናቡ እኩል ሆኖ ረግረጉ የሚለያየው በዚህ ነው። የቦትስዋናው የኦካቫንጎ ረግረግማ የሚሞላው አገሩ በደረቁ ወራት ላይ ሳለ ነው፤ አንጎላ የዘነበው ውሃ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበታል።

የቦርከና ውሃ ጨፋ ሲደርስ ዝርጉ ሜዳ ያዘገየዋል። መረሬ አፈር ሲርስ አብጦ ስንጥቁን ስለሚዘጋ ሥርገቱ ይቀንሳል። ፀሐይና ነፋስ ከላይ ያተኑታል፤ ቄጠማና ፊላው በሥሮቻቸው ይመጥጡታል፣ በጥላቸው ደግሞ ከፀሐይ ይጋርዱታል። ወሎ በልግም ስላለው በጋው ለሁለት ይከፈላል። በ2007 ዓ.ም. ሰሜን ምሥራቁን በመታው የኤልኒኞ ድርቅ በልጉም ክረምቱም ከሽፈዋል፤ እንዲህ ባለ ዓመት ረግረግ የሚኖረው ባጠራቀመው ነው።

የሰው እጅም አለበት። የማጠንፈፊያ ቦይ ወይም ከላይ የተተከለ የመስኖ ፓምፕ አንድ ወር ሊነጥቅ ይችላል። ሐሮማያ ሐይቅ ለዓመታት የጠፋው በመስኖ፣ በከተማ ውሃና በደለል ብዛት ነበር፤ ኋላ ውሃ መልሶ መያዙ ግን ያጽናናል።

አንድ ወር ጨፋ ላይ ትንሽ አይደለም። በበጋ ከአፋር ቆላ ከብት እየነዱ የሚመጡ አርብቶ አደሮችና የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባ የሚጋሩት ሣር የሚበቅለው ውሃው በሸሸ ልክ ነው። ቶሎ ከሸሸ ሣሩ ከበልግ በፊት ያልቃል፤ ጨርሶ ካልሸሸ ቦታው የፊላ ይሆናል። ወባም በዚህ ልክ ትቆጠራለች። የትንኟ ዕጭ በሞቃት ቦታ ክንፍ ለማውጣት አሥር ቀን ገደማ ስለሚያስፈልገው፣ በአምስት ቀን የሚደርቅ ኩሬ ትንኝ አያፈላም። ለወራት የቆየ ውሃ ደግሞ ዕጩን የሚበሉ ዓሦችና ነፍሳት ሊያኖር ይችላል። የሚያሰጋው መካከለኛው ነው፤ የከብት ኮቴ የቋጠረው፣ መንገድ ዳር የተቆፈረው።

አለካኩ ቀላል ነው፦ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ መሃል ተክሎ በየሳምንቱ መመዝገብ። ሳተላይትም ያግዛል፣ ነገር ግን ክረምቱን ደመና ይጋርደዋል፤ ደመናን የሚያልፍ ራዳር አለ። ደመና በሌለበት ወቅትም ቢሆን ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ በፊላ የተሸፈነውን ውሃ ደረቅ ሜዳ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እዚያው ቦታ ላሚቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማለች፤ ዘንጉን የሚያነብ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።