የማይራገፍ የፖስታ ሣጥን

የዛሬው ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

"ቲቸር፣ ኢሜይሌ ሞልቷል እያለኝ ነው፤ ምን ላድርግ?" የሚል ጥያቄ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም እየደጋገመ ይደርሰኛል። "ሰርዝ" ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

በአገራችን ዘመናዊ ፖስታ የተመሠረተው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ አገር ያቋርጥ ነበር። በ1901 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እኛ ጋ ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ደብዳቤ ማደል አልለመደም። የተለመደው "ፖ.ሣ.ቁ." ነው። ሣጥን ትከራያለህ፣ ቁልፍ ይሰጥሃል፣ ሄደህ ከፍተህ ታወጣለህ። ሣጥኗ ጠባብ ናት፤ ግን ሰው ደብዳቤውን አውጥቶ ቤቱ ስለሚወስድ ጥበቷ ችግር አልነበረም። ማስቀመጡ የባለቤቱ ሥራ ነው። አንዱ ሙዳይ ውስጥ፣ ሌላው ፍራሽ ሥር ያኖረዋል። ፖስታ ቤቱ አሳላፊ እንጂ ጎተራ አልነበረም።

ኢሜይልም ሲጀመር እንደዚሁ ነበር። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ በኔትወርክ መልእክት ከላከ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 "ፖፕ" የሚባል ደንብ መጣ። ሥራው ቀላል ነው። ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ይጠብቅሃል፤ ስትመጣ ወደ ራስህ ኮምፒውተር ይወርዳል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ይጠፋል። ፖስታ ሣጥኑን በቁልፍ ከፍቶ ማራገፍ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኢሜይል ተጠቃሚዎችም በዚሁ መንፈስ ነው የሠሩት። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው "ፓዲስ" የተባለው ክፍል "ፊዶኔት" በሚባል ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ያኔ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኢንተርኔት የለም። ደብዳቤው ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ስልክ ይደወላል፣ የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ ይሄዳል፣ የመጣውም ይገባል። የውጭ ስልክ ደግሞ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። እንዲያ ባለ ዘመን ማን ፎቶ ይልካል? ቴሌ ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተቀየረው እዚህ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርክ ክሪስፒን "አይማፕ" የሚባል ሌላ ደንብ ነድፎ ነበር። በዚህኛው ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ አንተ ከየትም ሆነህ ታየዋለህ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1996 ደግሞ ሆትሜይል መጣ። በአሳሽ ገጽ የሚከፈት፣ ነጻ ኢሜይል! ለእኛ ዓይነቱ አገር ከሰማይ የወረደ መና ነበር። የኢንተርኔት ካፌው ኮምፒውተር ያንተ አይደለማ! ደብዳቤህን አውርደህ የት ታስቀምጠዋለህ? እዚያው ፖስታ ቤት ይቀመጥ። ፖስታ ሣጥኑ ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

ጎተራው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ትንሽ ልንገራችሁ። በድሮው አሠራር የአንድ ሰው ፎልደር አንድ ረጅም ፋይል ነው። የደብተራ ክታብ አይታችሁ የለ? ተጠቅልሎ የሚቀመጠው። ደብዳቤዎቹ እንደዚያ ባንድ ብራና ላይ ተከታትለው ይጻፋሉ። ከመሃል አንዱን ልታጠፋ ስትል ሰርቨሩ ከዚያ በታች ያለውን በሙሉ እንደገና ይጽፋል። ያ ሲሆን አዲስ የሚመጣ ደብዳቤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክታቡ ትንሽ ሲሆን ማንም አያስተውለውም፤ ሲያብጥ ግን አንድ ሰው የቆለለው ሰርቨሩን ለሌላውም ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዳንኤል በርንስታይን የተባለው የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ይሁን የሚል አሠራር አመጣ። ይሄ መልካም ነው፤ ግን አንድ ፎልደር ውስጥ መቶ ሺህ ደብዳቤ ካለ ዝርዝሩን ማንበቡ ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ የሰርቨር ሠራተኞች ሁለት ነገር ለመዱ። አንደኛው፣ ፎልደሩን በየዓመቱ እየለዩ መክፈል ነው። ገበሬው የዘንድሮውን በቆሎ ካምናው ጋር ይቀላቅላል እንዴ? ሁለተኛው ኮታ ነው።

ኮታው ታዲያ ስንት ነበር? ሆትሜይል 2 ሜጋባይት፣ ያሁ 4 ሜጋባይት። ለአማርኛ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙው ሰው በላቲን ፊደል ነበር አማርኛውን የሚጽፈው። ዛሬ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንዷ ፊደል 3 ባይት ትይዛለች። ኢሜይል ደግሞ ሲጓጓዝ በብዛት ተጠቅልሎ ስለሚሄድ 4 ትሆናለች። አንድ ገጽ 1500 ፊደል ብንል 6 ኪሎባይት ገደማ ነው። በ2 ሜጋባይት ከ300 ገጽ በላይ የአማርኛ ደብዳቤ ይቀመጣል፤ ቀላል አይደለም። በስልክ የተነሳ ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ ግን ተያይዞ ሲላክ በዚሁ ጥቅለላ 4 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ፎቶ ከ600 ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል! ሣጥናችሁን የሞላው ወሬያችሁ አይደለም ማለት ነው፤ ስካን የተደረገው ትራንስክሪፕትና የሠርጉ ፎቶ ነው።

መጋቢት 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ጉግል ጂሜይልን 1 ጊጋባይት አድርጎ አወጣው። በፈረንጆቹ ቀኑ የ"አፕሪል ዘ ፉል" ቀን ነበርና ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ከሆትሜይል 500 እጥፍ ነዋ! ይዞት የመጣው ሐሳብ "ከእንግዲህ መሰረዝ አያስፈልግም፣ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ" የሚል ነው። በእኔ እምነት ልማዳችንን ያበላሸው ይሄ ነው። የሚያራግፍ ትውልድ በዚያው ቀረ። ግንቦት 2005 ላይ ኢሜይሉ፣ ድራይቩና ፎቶው በአንድ 15 ጊጋባይት ሥር ተጠቃለሉ። ፎቶ እስከ ግንቦት 2013 መጨረሻ ድረስ መጠኑ ከተቀነሰ ያለ ልክ ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እሱም ይቆጠራል። ዛሬ ብዙዎቻችሁን "ሞልቷል" የሚላችሁ ደብዳቤ ሳይሆን ፎቶ የሆነው ለዚህ ነው።

ሞላ ማለት ደግሞ አዲስ ደብዳቤ አይገባም ማለት ነው። ለላኪው ተመልሶ ይሄዳል፤ እናንተ አታውቁም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሥራ ፈተና ጥሪ እንዲህ ተመልሶበት፣ ላኪዋ ሴትዮ በስልክ ባትደውልለት ኖሮ ቀርቶበት ነበር። ሁሉም እንደሷ አይደውልም።

ለእኛ አካባቢ የሚብሰው ግን ሌላው ሕግ ነው። ጉግል ግንቦት 2015 ላይ፣ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ከኅዳር 2016 ጀምሮ ሊሰረዝ እንደሚችል አስታወቀ። ያንኑ ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለስንት ጊዜ እንደቆየ እናንተው ታውቃላችሁ። ሕጉን ያወጣው ሰው ካሊፎርኒያ ተቀምጦ "ሁለት ዓመት ያልተከፈተ ነገር ባለቤቱ ትቶታል" ብሎ አሰበ። ገጠር ገብቶ የሚያስተምር፣ ወይም ስልኩ ላይ ኔትወርክ የጠፋበት ልጅ ትቶት አይደለም። ትራንስክሪፕቱም፣ የእናቱ ፎቶም እዚያ ነው ያለው።

ስለዚህ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ስትገቡ ቢያንስ አንዴ ከፍታችሁ ግቡ። ገጠር ላሉት ጓደኞቻችሁም በስልክ ንገሩልኝ፤ ይሄን ጽሑፍ አያዩትም። ለማራገፍ ከትልልቁ ጀምሩ፤ የጂሜይል መፈለጊያ ላይ በመጠን መለየት ይቻላል፣ ከ10 ሜጋባይት በላይ ያለውን ጠይቁት። "አርካይቭ" ማድረግ ከዓይን ይሰውራል እንጂ ቦታ አይለቅም። የሰረዛችሁትም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆጠርባችኋል፤ እሱንም ባዶ አድርጉት። የላካችሁት ፎልደርም አይረሳ፤ ለአሥር መሥሪያ ቤት የላካችሁት ያው አንድ ሲቪ አሥር ጊዜ ተቀምጧል። ዋናውን ዶክመንት ግን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ አንድ ፍላሽ ቤት፣ አንድ ደግሞ ዘመድ ጋ። ያልገባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማታ መብራት ካለ እመልሳለሁ።