ድሪቶ

በአማርኛችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ከስድብ አይርቅም። ሰውን «ድሪቶ ለባሽ» ማለት ድህነቱን ግንባሩ ላይ መለጠፍ ነው። ግሡ ግን «ደረተ» ነው፤ ያለቀውን ካላለቀው ጋር አጋጥሞ ሰፋ፣ እንደገና ለአገልግሎት አበቃ ማለት ነው። ስድቡን ወርሰን ጥበቡን መጣላችንን የተረዳሁት ጫጫ ላይ፣ በእናቴ አሮጌ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ነው።

ጫጫ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በኅዳር ሌሊት ውርጩ ማሳውን ነጭ ያለብሰዋል። የዚህ አገር ታሪክ ገሚሱ ከብርድ ጋር የተደረገ ትግል ነው። መንዞች የበጋቸውን ጠጉር ሸልተው፣ ሴቱ ፈትሎ ወንዱ ሸምኖ፣ ባናና ዝተት አበጁ። በ1957 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ባናውም የፋብሪካውም ሥራ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው። ገንዘብ የሌለው ቤት ድሪቶ ነበረው፤ የድሪቶን ታሪክ ደግሞ ማንም አልጻፈውም።

አያቴ አንድ ነበራት። ከባሏ ካፖርት እጅጌ፣ ከልጆቿ የካኪ ቁምጣ፣ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት የተደረተ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ከመደቡ ላይ አንሥታ ጓዳ ትደብቀዋለች። አያቴ ባረፈች ማግሥት ተቃጠለ።

በአሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ የደረቱት ድሪቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 በአገሪቱ ቴምብር ላይ ታተመ። ፎቶግራፉን ባየሁ ጊዜ የአያቴ ድሪቶ ጭስ አፍንጫዬን ሞላው።

እኔም ልሞክር ተነሣሁ። የእናቴ መኪና ከቀጥታ ስፌት ሌላ አታውቅም። አይዛክ ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ወዲህ የስፌቱ መሠረት ያው ነው፤ የላዩና የታቹ ክር በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። ቁርጥራጮቹን ገጣጥሜ፣ በመካከል ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከሥር የአቡጀዲ ገበር አድርጌ ከጠርዝ ጀመርኩ። የመኪናዋ ጥርሶች ገበሩን ሲስቡ ላዩ ወደ ኋላ ቀረ፤ ተከማችቶ ተጨማደደ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ።

እናቴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ «ልጄ፣ እማዬ መጀመሪያ በእጇ ትወሰውሰው ነበር። ከዚያ ከመካከል ወደ ዳር ነው» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ለካ ስትደብቀው የኖረችውን አሠራሩን በልቧ ይዛ ኖራለች።

ፈታነው። እርሷ እየወሰወሰች፣ እኔ ስፌቱን አርዝሜ በዝግታ እየነዳሁ፣ ከመካከል ወደ ዳር ሄድን። መስመሮቹ ጠማማ ናቸው፤ አንዱ ማዕዘን ከሌላው አይገጥምም። ባለፈው እሑድ እንግዶች መጡ። እናቴ ወደ መደቡ ሄደች። አላነሣችውም፤ እጥፋቱን በእጇ ዘርግታ፣ «እዚህ ላይ ተቀመጡ» አለቻቸው።