የጋኑ ሒሳብ፦ ጠላ ጠመቃ ትናንትና ዛሬ



ከእኛ መካከል በጠላ ገንዘብ ደብተርና እርሳስ ያልተገዛላት ጥቂት ናት። እናቶቻችንና አክስቶቻችን ሌሊት ተነሥተው እንኩሮ ሲያንኮሩ እያየን አድገናል። ስለ ጠላ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጠጪው እንጂ ጠማቂዋ አይደለችም። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከጋኑ በኩል ለማየት ፈለግን።

ሙያው ጥንታዊ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ የጤፍ እንጀራ ደህና አድርጎ ተጠብሶ፣ ተቆራርጦና ሞቅ ያለ ውኃ ተጨምሮበት ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ የሕዝቡ መጠጥ እንደሚሆን ጽፏል። ደረቆት የምታውቅ ሁሉ ይህን ስታነብ የእናቷን ጓዳ ታስታውሳለች። በዚያ ዘመን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ማሩም በግብር ይሰበሰብ ነበር። ጠላ ግን ገብስና ጌሾ ባለበት ቤት ሁሉ ይጠመቅ ነበር፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ለማኅበር።

ጠላ የከተማ ሴት መተዳደሪያ ሆኖ የተስፋፋው ከተሞች ሲያድጉ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም ከቤቱ ርቆ የሚበላውና የሚጠጣው ፈለገ። ከትዳሯ የተፋታች ወይም ከገጠር የመጣች ሴት መሬትም ገንዘብም ባይኖራት ሙያው ነበራት። ጋን ተውሳ፣ ገብሱን በዱቤ ወስዳ፣ ከደጃፏ እንጨት ተክላ ጣሳ ስትደፋበት ሱቅ ከፈተች ማለት ነው። ያ የተደፋ ጣሳ ማስታወቂያ ነው፤ ዛሬም በየሰፈሩ ይታያል።

በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በፋብሪካውም በጓዳውም ሥራው የሚጀምረው ከገብስና ከብቅል ነው። መራራነቱን በፋብሪካ ሆፕስ ይሰጠዋል፣ በጓዳ ጌሾ። ትልቁ ልዩነት በመዝገቡ ላይ ነው። ፋብሪካው ለሠራተኛ፣ ለነዳጅና ለጥሬ ዕቃ ያወጣውን ይጽፋል። የእናቶቻችን ድካም ግን የትም አልተጻፈም።

ሙያውን ገና ለምትጀምር እኅት ቅደም ተከተሉን እናስታውሳት። ዕቃው መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ለብቅሉ ገብስ አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፤ በኮባ ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ከቆየና ካቆጠቆጠ በኋላ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። የሻገተ ብቅል ይጣላል እንጂ አይታዘንለትም። ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ይጠነሰሳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ብቅልና ቂጣ ይገባል፤ ቀጥሎም እንኩሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ተሞልቶ፣ አፉ ተከድኖ ይቀመጣል። ብቅሉ የእህሉን ጣፋጭ ያወጣል፣ እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል፣ ጌሾው ደግሞ ምሬት ይሰጠዋል፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። ጀማሪ በትንሽ ገንቦ ትጀምር፤ ቢበላሽባት ኪሳራው ትንሽ ነው። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን ቢታጠብም አይሆንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከአባሎቻችን አንዷ ለብዙ ዓመታት ጠላ ስትሸጥ ኖራለች። «ታተርፊያለሽ ወይ?» ስንላት «ባላተርፍ ልጆቼን በምን አሳደግኋቸው?» አለችን። አብረናት ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ገብሱን፣ ጌሾውንና የወፍጮውን ጻፍን። ማገዶውን ስንጠይቃት «እሱማ ልጄ ትለቅመዋለች» አለች። ውኃውንስ? «እሷው ትቀዳለች።» ልጅቱ በጥንስስና በድፍድፍ ቀን ከትምህርት ቤት ትቀር እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። የልጅቱን ጉልበትና የእናትየዋን ሌሊት በወጪ በኩል ስናስገባው ትርፍ የተባለው ገንዘብ ጠፋ። እናትየዋ ዝም ብላ ደብተሩን አየች። ቀጥላም «ታዲያ ትርፉን የሰጠችኝ ልጄ ናታ!» አለች። እኛም ዝም አልን፤ የእኛም እናቶች ቤት እንዲሁ ነበረና።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሯ ያሉ ጠማቂ አባላት ሥራውን ወንፈል አደረጉት። ብቅሉን ባንድነት ያበቅላሉ፣ እንኩሮውን በአንድ እሳት በተራ ያንኮራሉ። ማገዶ ይገዛል፣ ዋጋውም ይጻፋል። ቀድሞ ለጎረቤት በነጻ ይሰጥ የነበረው አተላ ላም ለሚያረቡ ይሸጣል፤ በገቢ በኩልም የራሱ መስመር አለው። ልጅቱ በድፍድፍ ቀን ትምህርት ቤት ትውላለች። ትርፉ በወረቀት ላይ ከድሮው ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነተኛ ትርፍ ነው።

የጠላ ሌላ ወጪም እንዳለው አንሸሽግም። የተጠለለ ጠላ ጠንካራ ነው፤ ባል ሰክሮ የገባበትን ቤት እናውቃለን። ጭሱም የጠማቂዋን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ከሙያው ወጥታ ሌላ ሥራ ለምትሻ አባል ብድሩ እኩል ክፍት ነው።

አያቶቻችን ለጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርሳቸው ጎረቤት ተሰብስቦ ይወቅጥላቸው፣ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። የእኛም መረዳጃ ማኅበር ሥሩ እዚያ ነው። እኛ የጨመርነው ደብተሩን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጠማቂ አባላት ሁሉ የአንድ ጥምቅ ወጪና ገቢያቸውን ይዘው ይምጡ፤ መጻፍ ለማትችል እኛ እንጽፍላታለን። የመጀመሪያው መስመር ግን የራሳችሁ ድካም ይሁን።