የመሬት ቅየሳና የድሬዳዋ አቆራቆር

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከተማ አንዳንድ ጊዜ በንጉሥ ፈቃድ፥ አንዳንድ ጊዜም በገበያ ምክንያት ይቆረቆራል። ድሬዳዋን ግን በዛሬው ስፍራዋ ያኖራት በቀያሾች መዝገብ የተጻፈ ቍጥር ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡ ጊዜ፥ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በመጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረችና አሳቡ የተገባ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው እንቢ አለ። ይኸውም የድሬዳዋ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ወደ ሐረር የሚያሻግረው የደንገጎ ዳገት ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል።

እስቲ ያስሉት። ባቡሩ በየ40 ሜትሩ 1 ሜትር ይውጣ ቢባል፥ ይህም ለእንፋሎት ባቡር ብርቱ ዳገት ነው፥ የ800 ሜትሩን ልዩነት ለመጨረስ 32 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት የሚወጣ ሐዲድ በገደል ላይ መዘርጋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰበት ስፍራም አዲስ ሐረር ተባለ፤ እርሱም ድሬዳዋ ነው። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ይህን ቍጥር የሚያስገኘው ጥበብ ምንድር ነው? አባቶቻችን መሬትን በቀላድ ይለኩ ነበር። ቀላድ ግን ርዝመትንና ስፋትን ይናገራል እንጂ ከፍታን አይናገርም። ከፍታን ለማወቅ ቀያሹ በሦስት እግር ላይ የቆመውን መነጽር በውሃ ልክ ያስተካክላል፤ ቀጥሎም ከኋላውና ከፊቱ የቆመውን ባለ ቍጥር በትር ያነባል። የኋላው 1.80 ሜትር፥ የፊቱ 0.60 ሜትር ቢያሳይ፥ መሬቱ 1.20 ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው። እንዲህ እየለካ ተጕዞ፥ ደግሞ እየለካ ወደ ተነሣበት ነጥብ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ የወጣውና የወረደው ካልተካከለ ሥራው ስሕተት አለበትና እንደ ገና ይለካል። የዚህ ሙያ ክብር የተሠራውን ደግሞ መመርመር ነው።

የሚለካው ግን ሐዲድ ብቻ አይደለም። ባቡሩን የመለሰው ያው ዳገት የዝናቡን ውሃ ወደ ደቻቱ ይሰዳል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው ዳሩን ተማምኖ ይኖርበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ማብቂያ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። ውሃው ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ሄደ፤ ከዚህ በቀር ሌላ ሕግ አያውቅምና።

እንግዲህ የቦታ ፈቃድ የሚፈርሙ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት፥ ይህ ቦታ ከወንዙ ወለል ስንት ሜትር ከፍ ይላል? ብለው ይጠይቁ። መልሱ በግምት ከመጣልዎ አይቀበሉት፤ ቀያሽ ይላኩ።